እትዬ ደብሪቱ ግልጥ ቤት የገቡ ጊዜ

አገሩን በስም አልጠራውም። ብጠራውም ነዋሪዎቹ «ስለ ሌሎች ነው የሚያወራው» ማለታቸው አይቀርም። ነገሩ ግን የሆነው እዚያው፣ እኔ በምኖርበት ከተማ፣ ከአጥሬ ማዶ ነው። ያላየሁትን ደግሞ ባለታሪኳ ራሳቸው ነግረውኛል።

በዚያ አገር «ግልጥ ቤት» የሚባል የቴሌቪዥን ውድድር ነበር። ግድግዳውም ጣሪያውም ካሜራ የሆነ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ወጣቶች ይገቡና አብረው ይኖራሉ። ይበላሉ፣ ይኳረፋሉ፣ ይታረቃሉ፣ ፀጉራቸውን ይሠራሉ። እኛ ደግሞ የራሳችንን ቤት ትተን የእነሱን እንጠብቃለን። ተመልካች የጠላው እየተባረረ ይሄድና መጨረሻ ላይ አንድ አሸናፊ ይቀራል። አሸናፊው የራሱ በርና የራሱ ቁልፍ ያለው ትንሽ ቤት ይሸለማል።

ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ሃያ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ሕግ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያው እንደዚያ ሆኖ ቀርቶ ነው። ሃያ ሁለት ገና ጥሬ ነው፣ ሃያ አራት ደግሞ ማረር ይጀምራል ይባል ነበር። አገሬው ይህንን እያየ ለመደው፤ ከለመደው በኋላም አመነው። የከተማችን ከንቲባ ሃያ ሦስት ሞላቸውና እዚያው ቆሙ። ልጃቸው ኋላ ደርሶባቸው፣ አልፏቸው ሄዶ፣ አሁን ታላቅ ወንድማቸው ሆኗል። ጎረቤቶቼ ልደት ሲያከብሩ ኬኩ ላይ የሚሰኩት ሻማ ጨምሮ አያውቅም። አንድ ወዳጄ በሪህ ምክንያት ሐኪም ቤት ሄዶ ዕድሜውን ሲጠየቅ «ሃያ ሦስት» ብሎ፣ ሐኪሙም ሃያ ሦስት ነበርና፣ ተያይተው ዝም ተባብለው፣ የእድገት ሕመም ነው ተብሎ ተመለሰ።

ታዲያ አንዲት የአንደኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ጋሼ፣ ሰው ሃያ ሦስት ከሞላው በኋላ የት ነው የሚሄደው?» ብላ መምህሯን ጠየቀች። መምህሩ ቴሌቪዥኑን በሐሳባቸው ዞሩት። እዚያ ማንንም አላገኙም።

«ሬዲዮ ላይ» አሉ።

ልጅቱ ይህንን መልስ ይዛ ቤቷ ገብታ ለአያቷ ነገረች። አያቷ አቶ ልሳነወርቅ የዕድሜ ሚዛን ሹም ነበሩ። የዕድሜ ሚዛን ሹምነት በአገራችን የቆየ ሥልጣን ነው፤ ሥራው ምን እንደሆነ ግን ለሹሙም እስከዚያች ቀን ድረስ አልተገለጠላቸውም ነበር። የልጅቱን ወሬ ሲሰሙ ተገለጠላቸው። ኮታቸውን ደርበው ቢሮ ገቡና ትዕዛዝ አወጡ፦ የግልጥ ቤት ነዋሪዎች ዕድሜ ተደምሮ ሲካፈል ከሠላሳ እንዳያንስ፤ ካነሰ ስርጭቱ ይቋረጣል።

ትዕዛዙ የወደቀው ተወዳዳሪ የምትመለምለው ናርዶስ ላይ ነበር። ናርዶስ ቀልጣፋና አንደበተ ርቱዕ ሴት ናት፤ ዕድሜዋን ማንም አያውቅም፤ ከጠየቋት ስልኳ ይጮኻል። ትዕዛዙን ሰምታ ብዙ ካሰበች በኋላ ኪሩቤል የሚባል ሃያ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ፈልጋ አመጣች። ከዘራ አስያዘችው። ካፖርት አለበሰችው። «አባባ ኪሩ» ብላም ለአገሩ አስተዋወቀችው።

ኪሩቤል ኳስ ተጫዋች የሚመስል፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጥርሱ እንደ ወተት የነጣ ልጅ ነው። ከዘራውን እንዴት እንደሚይዘው ስላላወቀ እንደ ጦር ተሸክሞት ገባ። ያም ሆኖ አምስቱ ባለ ሃያ ሦስቶች ሲያዩት ተነሥተው «ኖር!» አሉት። እሱም መልሱ «በእግዜር» መሆኑ ጠፍቶት «አመሰግናለሁ» አለና ፊቱን አዞረ። ሊያለቅስ ነበር።

አቶ ልሳነወርቅ ደምረው አካፈሉ። ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም።

«እውነተኛ ሽማግሌ አምጪ» አሏት ናርዶስን፤ «ካልሆነም አሮጊት።»

በዚህ ምክንያት ማስታወቂያ ወጣ። ከሰባ ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ ቀርቦ ይፈተን ተባለ። እኔም ለማየት ሄጄ ነበርና የሰልፉን ነገር ከዓይኔ አልረሳውም። ሽማግሌዎቹ ቴሌቪዥን ወጣት ይወዳል ሲባል ስለሰሙ ፀጉራቸውን እንደ ጥላሸት አጥቁረው፣ ጠባብ ሱሪ ለብሰው፣ እየዘለሉ መጡ። ወጣቶቹ ደግሞ ዘንድሮ የሚፈለገው ሽማግሌ ነው ሲባል ስለሰሙ ፀጉራቸው ላይ ዱቄት ነስንሰው፣ ጎብጠው፣ እያሳሉ መጡ። አንዱ የሰባ አምስት ዓመት አዛውንት ለአንዱ ዱቄት ለነሰነሰ ጎረምሳ ተራቸውን ለቀውለት «ይግቡ አባቴ» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጎረምሳውም «ተባረክ ልጄ» ብሎ አለፈ።

ናርዶስ ግራ ስለገባት ፈተና አበጀች። ዝቅ ያለ በርጩማ አስቀመጠች፤ ተፈታኙ ቁጭ ብሎ ይነሣል። ሲነሣ «ወይ ጉልበቴ» ካለ ያረጀ ነው፤ ዝም ካለ ወጣት ነው። ይህ በተነገረ ማግስት በከተማችን የማቃሰት ማሠልጠኛ ተከፈተ። ወጣቶቹ እዚያ ተምረው አንጀት የሚበላ ማቃሰት ሲያቃስቱ፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ ቀጥ ብለው ተነሡ። በፈተናው ሽማግሌዎቹ በሙሉ ወደቁ።

እትዬ ደብሪቱ ወደዚያ ግቢ የሄዱት ለፈተና አልነበረም። ለክስ ነበር።

ባላቸው ከሞቱ በኋላ ልጃቸው አስቻለው «ለጊዜው እኛ ጋ ይሁኑ» ብሎ ወስዷቸው ነበር። አስቻለው ክፉ ልጅ አይደለም። ሚስቱም ክፉ አይደለችም። ቤቱ ግን ጠባብ ስለሆነ እትዬ ደብሪቱ ሳሎን ሶፋው ላይ ተነጠፈላቸው። «ሳሎን ይሞቅዎታል» ተባሉ። እውነት ነው፣ ይሞቅ ነበር፤ ምክንያቱም ቤተሰቡ በሙሉ፣ ጎረቤት ተጨምሮ፣ ግልጥ ቤትን የሚያየው እትዬ ደብሪቱ አልጋ ላይ ተቀምጦ ነበር። እሳቸው እግራቸውን ሰብስበው ከሶፋው ጥግ ተወሽቀው ውድድሩ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። ውድድሩ አያልቅም። ሲጀምር ጥሩምባ ይነፋል፣ ማስታወቂያ ሲገባ ጥሩምባ ይነፋል፣ ከማስታወቂያ ሲመለስ ጥሩምባ ይነፋል። ለጊዜው የተባለውም ጊዜ እንደ ጥሩምባው ሆነ፤ ማለቂያ አጣ።

«እንቅልፍ ማለት ምን እንደሆነ ረስቼው ነበር» ብለውኛል ኋላ። «ሰው ሲያዛጋ ሳይ ምን ሆኖ ይሆን እል ነበር።»

ስለዚህ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጥሩምባውን የሚያስነፋውን ሰው ሊሞግቱ ወደ ጣቢያው ሄዱ። ሰልፉን ሲያዩ የከሳሽ ሰልፍ መሰላቸውና ደስ አላቸው። ዱቄት የነሰነሱት «እማማ ይለፉ» እያሉ አሳለፏቸው፤ ፀጉር ያጠቆሩት ደግሞ አፍረው ዞር አሉ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ናርዶስ ፊት ደረሱ።

«ይቀመጡ እማማ» አለች ናርዶስ በርጩማውን እያሳየች።

እትዬ ደብሪቱ ተቀመጡ።

«አሁን ይነሡ።»

«ለምን እነሣለሁ? አሁን አይደለም የተቀመጥኩት?»

«እንደዚያ ነው ፈተናው እማማ፤ ተቀምጦ መነሣት ነው።»

«ስሚ ልጄ። በመጀመሪያ እማማ አትበይኝ፤ አንቺን አልወለድኩም፤ እትዬ በይኝ። ሁለተኛ፣ እኔ ከተቀመጥኩ ጉዳዬ ሳይፈጸም አልነሣም። ይሄን ጥሩምባ የሚነፋው ማን ነው?»

ናርዶስ ብዕሯን ጣለች። ስንቱን ስትፈትን ከርማ፣ «አልነሣም» ያለ አንድ ሰው አላጋጠማትም ነበር። ዱቄት አለመነስነሳቸውን፣ ፀጉራቸው ከሻሹ ሥር እንደፈቀደው ነጭም ግራጫም ሆኖ መውጣቱን፣ ሲናደዱ አገጫቸው ላይ ያለችው አንዲት ፀጉር መንቀጥቀጧን አየች።

«እትዬ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«ሰባ ሁለት። ምነው? ለጥሩምባ የዕድሜ ገደብ አለ?»

በዚያች ከተማ ሰው እውነተኛ ዕድሜውን ጮክ ብሎ ሲናገር ከተሰማ ቆይቶ ነበር። ካሜራ የያዘው ልጅ ኮፍያውን አወለቀ።

ናርዶስ ስለ ውድድሩ፣ ስለ ሚዛኑ፣ ስለ ሽልማቱ አስረዳቻቸው። እትዬ ደብሪቱ የሰሙት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በር አለው?»

«ምኑ እትዬ?»

«የምትሸልሙት ቤት።»

«አለው እንጂ፤ በር የሌለው ቤት ይሸለማል?»

«ከውስጥ ይዘጋል?»

«ይዘጋል።»

እትዬ ደብሪቱ ክሳቸውን ለሌላ ቀን አሳደሩትና ገቡ።

ግልጥ ቤት ውስጥ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ አንድ አንድ ክፍል አለ። እትዬ ደብሪቱ ክፍላቸውን ሲያሳዩዋቸው መጀመሪያ ያደረጉት በሩን መዝጋት ነበር። ከዚያ ከፈቱት። ከዚያ እንደገና ዘጉት። በአልጋቸው ትይዩ ካሜራ መኖሩን አዩና ሻሻቸውን ፈትተው ሸፈኑበት። ምሳ ከበሉ በኋላ ተኙ። አገሩ በሙሉ በዚያች ሰዓት ያየው አንድ ሰማያዊ ሻሽና ከኋላው የሚመጣ የተረጋጋ ማንኮራፋት ነበር። ሰው ጣቢያውን ይቀይረዋል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ ማንም አልቀየረውም። እኔ ራሴ ወንበሬ ላይ እንዳለሁ ሸለብ አደረገኝ። ስነቃ ሰፈሩ ተኝቷል፤ ታክሲዎች ጥግ ይዘው ቆመዋል፤ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሚዛኑ ላይ አገጩን አስደግፏል።

ናርዶስ ግን ለእሳቸው ያሰበችው ሌላ ነበር። ጆሯቸው ውስጥ ትንሽ ማዳመጫ አስገብታ ከጓዳ ሆና ታዛቸዋለች። የምትፈልገው አሮጊት ጠዋት ተነሥታ የምትመርቅ፣ ቀን ተረት የምትናገር፣ ወደ ማታ ስለ ጥንቱ ጊዜ የምታለቅስ ነበረች። ችግሩ እትዬ ደብሪቱ የማዳመጫውን ድምፅ ዝም ብሎ መስማት ነውር ስለሚመስላቸው ጮክ ብለው ይመልሱላት ነበር።

ሁሉም ቁርስ ላይ ተቀምጠው ሳለ በድንገት፣ «ምን አልሽ ልጄ? ላልቅስ? በምን ምክንያት?» ይላሉ።

ባለ ሃያ ሦስቶቹ ዙሪያቸውን ያያሉ።

«ስለ ጥንቱ ጊዜ? የጥንቱ ጊዜ ምኑ ያስለቅሳል? ጥርሴን ያወለቀልኝ አንጥረኛ ነው፤ ጨርሻለሁ አልቅሼ። … አይ፣ አልመርቅም። ገና ፊታቸውን አልታጠቡም።»

ናርዶስ ተስፋ ባለመቁረጥ ቢያንስ ምሳሌያዊ አነጋገር ይናገሩ ብላ ለመነች። እትዬ ደብሪቱ ተረትና ምሳሌ የሚባል ነገር አንድም አያውቁም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰው ሲተርት ሥራ ፈት ነው ብለው የሚያልፉ ሴት ናቸው። ልጅቷ ስትለምን ግን አሳዘነቻቸውና በእጃቸው ያለውን አዩ። ድንች እየላጡ ነበር።

«ድንች ሲላጥ» አሉ፣ «ልጣጭ ይወጣዋል።»

ከባለ ሃያ ሦስቶቹ አንዷ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«እትዬ… ሕይወቴን ነው የነገሩኝ» አለችና አለቀሰች።

በሳምንቱ ከንቲባው ድልድይ ሲመርቁ «አበው እንዳሉት ድንች ሲላጥ ልጣጭ ይወጣዋል» አሉ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። እትዬ ደብሪቱ ቀጠሉ። «እርጥብ ፎጣ ይረጥባል» አሉ። «በር ካልተከፈተ ዝግ ነው» አሉ። የመጨረሻዋን በአንድ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ በወርቅ ቀለም ተጽፋ አይቻታለሁ። ሥራዋን ጥሩ አድርጋ ትሠራለች፤ ባለጉዳይ አንብቧት ይመለሳል።

ኪሩቤል በበኩሉ ከካፖርቱ ጋር እየታገለ ነበር። ሩጫ ውድድር ሲደረግ «አባባ ኪሩ ይረፉ» እየተባለ ወንበር ይቀርብለታል። ዘፈን ሲከፈት እንዳይደክመው ይባላል። አንድ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ከእትዬ ደብሪቱ ጋር ብቻቸውን ተቀምጠው ሳለ ሆድ ባሰው።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። መሮጥ የምችለው እኔ፣ መሸከም የምችለው እኔ። ገላዬን ስታጠብ እንኳ አንዱ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ እንዳልወድቅ ይጠብቀኛል።»

«አንተ ከዘራውን ጣለው።»

«ከጣልኩት ሚዛኑ ይዛባል አሉኝ።»

«ለመሆኑ እዚህ የገባኸው ምን ፈልገህ ነው?»

ኪሩቤል አቀረቀረ። «ቤቱን። የምተኛው እናቴ ሳሎን፣ ሶፋ ላይ ነው። እናቴ ደግሞ ይሄን ግልጥ ቤት ስታይ…»

«እግርህ ላይ ትቀመጣለች?»

«ጭንቅላቴ ላይ ነው የምትቀመጠው ማለት ይቻላል።»

እትዬ ደብሪቱ ረጅም ጊዜ ሳቁ። ሲጨርሱ ግን ይህንን ልጅ ካላሸነፉ በር እንደማያገኙ አስታወሱ። እሱም ያንኑ አስቦ ነበር።

ባለ ሃያ ሦስቶቹ አንድ በአንድ ተባረሩ። ተመልካች አንዱን ከሌላው መለየት ስላልቻለ፣ አንዷን ሲያባርር ሌላዋ ሄደች ብሎ ያዝናል፣ ሁለተኛዋን ሲያባርር መጀመሪያም ያልነበረች ይመስለዋል። እትዬ ደብሪቱን ማባረር ደግሞ አይቻልም፤ እሳቸው ከወጡ ሚዛኑ ከሠላሳ በታች ይወርዳልና። አቶ ልሳነወርቅ በየጊዜው መጥተው ደምረው አካፍለው፣ እትዬ ደብሪቱን በአድናቆት አይተው፣ «ጥሩ ይከብዳሉ» ብለው ይሄዳሉ።

በመጨረሻ አገሩ በሙሉ ሲጠብቀው የነበረው የፍጻሜ ጨዋታ ደረሰ። የተባረሩትም ተመልሰው እንዲጫወቱ ተጠሩ። ጨዋታው የወንበር ጨዋታ ነበር፦ ከሰው አንድ ያነሰ ወንበር ይደረደራል፤ ዘፈን ሲከፈት ሁሉም ይዞራል፤ ሲቆም ሁሉም ይሻማል፤ ወንበር ያጣ ይወጣል፤ አንድ ወንበርም አብሮት ይነሣል። የመጨረሻዋ ወንበር ላይ የተቀመጠ አሸነፈ።

ናርዶስ በማዳመጫው «እትዬ፣ እርስዎ ዳር ቁጭ ብለው ያጨብጭቡ፤ ጉልበትዎን ይጎዱታል» አለቻቸው።

«አላጨበጭብም» አሉ እትዬ ደብሪቱ ለአገሩ በሙሉ፤ ነጠላቸውንም አደግድገው ገቡ።

ዘፈኑ ተከፈተ። ዞሩ። ቆመ። ባለ ሃያ ሦስቶቹ እንደ ንስር እየተወረወሩ ወንበሮቹን ያዙ። እትዬ ደብሪቱ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበሩ። ቀስ ብለው ሄደው አንዱ የተቀመጠ ጎረምሳ ፊት ቆሙ፤ ምንም አላሉም። ጎረምሳው ቀና ብሎ አያቸው። አስተዳደጉ ጥሩ ነበር። ተስፈንጥሮ ተነሣ።

«ኖር እትዬ!»

«በእግዜር፤ ተባረክ» አሉና ተቀመጡ።

ጎረምሳው ቆሞ መቅረቱን ያወቀው ሲያስወጡት ነው።

ሁለተኛውም ዙር እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛውም። ልጆቹ ማሸነፍ ፈልገው መሬቱን በእግራቸው ቆንጥጠው ለመቀመጥ ይታገላሉ፤ አንዷ ወንበሩን በሁለት እጇ ጨብጣ ዓይኗን ጨፍና ነበር። እትዬ ደብሪቱ አጠገቧ ደርሰው ትንሽ ሲተነፍሱ ግን ጉልበቷ ብቻውን ተነሣ። በየቤቱ ያለ እናት ሁሉ ቴሌቪዥኑ ፊት «ተነሽ! የማን ልጅ ነሽ!» እያለ ይጮህ ነበር።

አንድ ወንበር ቀረ፤ ኪሩቤልና እትዬ ደብሪቱም ቀሩ። ዘፈኑ ሲቆም ኪሩቤል ተቀመጠ። ካፖርቱን ለብሶ፣ ከዘራውን ጭኑ ላይ አጋድሞ። እትዬ ደብሪቱ መጥተው ፊቱ ቆሙ። እስኪ ምን ያደርጋል ብሎ አገሩ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ። ኪሩቤል ወንበሩን ተመለከተ፤ የእናቱ ሳሎንም ትዝ አለው። ደግሞ የእትዬ ደብሪቱን ፊት ተመለከተ። ከዚያ አንድ ነገር የተገለጠለት ይመስል ፊቱ በራ። ከዘራውን ወረወረ። ካፖርቱን አውልቆ ጣለ።

«ኖር እትዬ!» አለ ቀጥ ብሎ እንደ ወታደር ቆሞ። «ኖር! እኔ ልጅ ነኝ! ልቁምልዎት!»

እትዬ ደብሪቱ ተቀመጡ። ጥሩምባው ተነፋ።

በሰፈራችን እልልታው ቀለጠ። አስቻለው እናቴ እናቴ እያለ መንገድ ላይ ወጣ። ኪሩቤል ደግሞ ተሸንፎ ሳለ ግቢውን እየዞረ ይሮጥ ነበር፤ ማንም እንዲያርፍ አልነገረውም።

አቶ ልሳነወርቅ ቁልፉን በትሪ ይዘው ወደ መድረኩ ወጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወይዘሮ ደብሪቱ አኩርተውናል» አሉ። «ስለሆነም ይህንን ጋቢና ይህንን ምርኩዝ እንሸልማቸዋለን።»

«ቁልፉስ?» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

«ቁልፉ ጎጆ ለሚወጣ ነው። ጎጆ የሚወጣ ወጣት ነው። ሁለተኛ የወጣው ኪሩቤል ይወስደዋል።»

«ያሸነፍኩት እኔ አይደለሁም?»

«አሸንፈዋል፤ ማን ካደ? ግን እርስዎ የገቡት ለሚዛን ነው። የሚዛን ድንጋይ ደግሞ» አሉ አቶ ልሳነወርቅ በትሕትና፣ «ዕቃ አይገዛም።»

እትዬ ደብሪቱ ጋቢውን አዩት። ጥሩ ጋቢ ነበር። ወሰዱት። ምርኩዙን ተዉት።

«እንግዲህ ድንጋይ ከሆንኩ» አሉ፣ «አንሡኝ።»

ብለውም ወደ ክፍላቸው ሄዱ፤ ገቡ፤ በሩን ከውስጥ ቆለፉት።

ሹሙ መጀመሪያ ይወጣሉ ብለው ጠበቁ። ከዚያ በሩን አንኳኩተው አዘዙ። ከዚያ ለመኑ። ከውስጥ የሚመጣው ማንኮራፋት ብቻ ነበር። በሩ ይሰበር ብለው አናጢ ሲያስጠሩ ናርዶስ መሐል ገባች።

«ከሰበሩት ይወጣሉ» አለች። «ከወጡ ደግሞ የሚቀጥለው ዙር ሲጀመር በምን ይመዝናሉ? ሌላ ሰባ ሁለት ነኝ የሚል ሰው በዚህ አገር ያውቃሉ?»

«አንቺ ትፈልጊያለሽ!»

«እኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው» አለች ናርዶስ። ለምን እንደተናገረችው ራሷም አታውቅም፤ አፏን ስትከፍት ወጣ። ካሜራው ክፍት ስለነበር አገሩ ሰማ። ስልኳ አልጮኸም። ማንም አልሞተም። ካሜራ የያዘው ልጅ «እኔም ሃያ ስምንት» አለ በቀጭኑ። አናጢው ሃምሳ አንድ ነበር፤ መዶሻውን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። አቶ ልሳነወርቅ ደምረው ሊያካፍሉ ሞከሩና ተዉት።

ኪሩቤል ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ መጣ።

«እትዬ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው። ያሸነፉት እርስዎ ነዎት። በበሩ ሥር ላሳልፍልዎት?»

«አንተ የት ልትተኛ?»

ኪሩቤል ቁልፉን መዳፉ ላይ አገላበጠ።

«ሂድ ቤትህ ግባ» አሉት። «ጎጆ ወጪ አይደለህ? እኔ በር አግኝቻለሁ። በር በሁለት እጅ አይያዝም።»

ይህችን እንኳ አስበው ሳይሆን እንቅልፍ ስለመጣባቸው ነው የተናገሯት፤ ሰው ግን እስከ ዛሬ ይጠቅሳታል።

እንዲህ ሆኖ እትዬ ደብሪቱ ግልጥ ቤት ውስጥ ቀሩ። ተወዳዳሪዎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። አሁን የአርባ ዓመት ሰው ይገባል፣ የሃምሳ ይገባል። በቀደም አንዲት የስድሳ ሦስት ዓመት ሴት ገብታ ከአንድ ባለ ሃያ ሦስት ጋር በእርሳስ መቅረጫ ተጣልታ አገሩን ለሁለት ከፍላዋለች። ከንቲባው ብቻ እዚያው ሃያ ሦስት ላይ ናቸው። እትዬ ደብሪቱ ሲፈልጉ ወጥተው ይፈርዳሉ፤ ካልፈለጉ ገብተው ይዘጋሉ።

አስቻለው የመጣው ከሰነበተ በኋላ ነው። ቤት ውስጥ ሶፋው ባዶ ሆኖ ማንም እንደማይቀመጥበት፣ ሚስቱ ሁለት ጊዜ ትራሱን አጥባ እንደመለሰችው ነግሮኛል። ቴሌቪዥኑንም አጥፍተውት ነበር፤ ግን እናቱ ያሉት እዚያ ስለሆነ መልሰው ከፈቱት። ሻሹን አይተው ይተኛሉ። ኋላ ግን አስቻለው ሻሽ ማየት አልበቃው አለ። ሙዝና ብርቱካን ገዝቶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ግልጥ ቤት ገባ።

በሩ ላይ ሲደርስ እጁን መያዣው ላይ አሳረፈ። መልሶ አነሣው። አንኳኳ።

«ማን ነው?» አሉ ከውስጥ።

አስቻለው እናቱ እንዲህ ብለው ሲጠይቁ ሰምቶ አያውቅም። እሳቸውም እንደዚያው፤ ሶፋ ላይ ለተኛ ሰው ማን ያንኳኳል?

«እኔ ነኝ እማዬ። አስቻለው።»

«ጠብቅ።»

ጠበቀ። ውስጥ የሚንጎዳጎዱ ይመስለዋል፤ ምንም የሚሠሩት ነገር እንዳልነበረ በኋላ ነግረውኛል። አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሰው በራቸው ላይ ቆሞ ሲጠብቃቸው እያዳመጡ ነበር። ጠግበው ካዳመጡ በኋላ ተነሥተው ከፈቱለት።

ሳማቸው። ተቀመጠ። ሙዙን ላጡለት፤ በልቶም ሲጨርስ እንደ ልጅነቱ አፉን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለት። «ይመለሱ እማዬ» ሊል መጥቶ የነበረ ሰው፣ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ አልጋውን አየና፣ የእናቱን ዓይን አየ፤ እንቅልፍ የጠገበ ዓይን ነበር። ያሰበውን ዋጠው።

«እሑድ እሑድ ብመጣስ?»

«አንኳኩተህ ናልኝ» አሉት።

ሲነሣ ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ ደረደረላቸው። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተጋድመዋል።

«አስቻለው» አሉት ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«አቤት እማዬ።»

«ስትወጣ በሩን ዝጋው።»